የምርኩዝ ዝላይ ልምምድ

በምርኩዝ ዝላይ ከፍታውን በአብዛኛው የሚወስነው ዘላዩ መሬት ሳይለቅ የሚሠራው ሥራ ነው። የሩጫው ፍጥነት ምርኩዙን ያጎብጠዋል፤ ምርኩዙ ሲቃና ዘላዩን ሽቅብ ያስፈነጥረዋል። ስለዚህ ልምምዱ ከእርምጃ ይጀምራል፦ ዘላዩ ምርኩዙን ይዞ እየተራመደ በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች እጆቹን ከራሱ በላይ ይዘረጋል። ከዚያ ምርኩዙን ዝቅ አድርጎ ይዞ፣ በአጭር መንደርደሪያ አሸዋ ላይ ይዘላል። እግርን ወደ ላይ መወንጨፍ ደግሞ በአግዳሚ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ይለመዳል።

እጅግ ከባዱ መነሻው፣ ማለትም እግር ከመሬት የሚለቅበት ቅጽበት ነው። የምርኩዝ ዘላዩን ሰርጌ ቡብካን ያሠለጠነው ቪታሊ ፔትሮቭ፣ ምርኩዙ መጉበጥ ሳይጀምር እግር መሬቱን እንዲለቅ ያስተምር ነበር። ቡብካ በ1994 እ.ኤ.አ. 6.14 ሜትር ዘሏል። ጀማሪዎች ረጅም ምርኩዝ ለመያዝ ይቸኩላሉ፤ ጥሩ አሠልጣኝ ግን ምርኩዙንም ሆነ መንደርደሪያውን የሚያረዝመው መነሻው ሲስተካከል ብቻ ነው።