ተራውን ሰው ያከበረ ሥዕል

ሰው ሲሞት ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ መቅበሩ በየአገሩ የታወቀ ነገር ነው። ታዲያ ይህን በሥዕል ማሳየት ቍጣ ያስነሣል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ነገር ግን ጉስታቭ ኩርቤ የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ የአንድ ተራ ሰው ቀብር በመሣሉ ብዙ ነቀፋ ደርሶበታል።

ምክንያቱን ለመረዳት አስቀድሞ የዘመኑን ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። በፓሪስ የነበረው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሥዕሎችን በማዕርግ ይለያቸው ነበር። ከሁሉ በላይ የሚቈጠረው የሃይማኖትንና የጥንት ታሪክን፣ የጀግኖችንም ገድል የሚያሳየው ሥዕል ነው። የሰው መልክ፣ የተራው ሕዝብ ኑሮና የአገር ገጽታ ከዚያ በታች ሲሆኑ፣ የፍራፍሬና የዕቃ ሥዕል የመጨረሻውን ቦታ ይይዛል። ታላቅ ሸራ ለታላቅ ነገር ብቻ ይገባል ተብሎ ስለሚታመን፣ የባላገር ኑሮ የሚሣለው አብዛኛውን ጊዜ በትንሽ ሸራ ነበር።

ኩርቤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1819 ዓ. ም. ኦርናን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በ1849 ጀምሮ በ1850 የፈጸመው «የኦርናን ቀብር» ቁመቱ ከ3 ሜትር፣ ወርዱም ከ6 ሜትር ተኩል ይበልጣል። በውስጡ ከ40 በላይ ሰዎች በተፈጥሮ ቁመታቸው ልክ ተሥለዋል። እነርሱም የከተማው ሹም፣ ቄሱ፣ መቃብር ቆፋሪውና የሚያለቅሱ ሴቶች ናቸው፤ የሠዓሊው እናትና እኅቶቹም ከመካከላቸው ይገኛሉ። ሰማይ ሲከፈት ወይም መልአክ ሲወርድ አይታይም፤ የሚታየው የተቆፈረው ጕድጓድና የቆመው ሕዝብ ነው።

ሥዕሉ በ1850 መጨረሻ «ሳሎን» በተባለው የፓሪስ ትርኢት በቀረበ ጊዜ፣ ብዙ ነቃፊዎች ሠዓሊው አስቀያሚ ነገር መርጧል ብለው ተቈጡ። በ1848 ሕዝቡ ተነሥቶ ንጉሡን ከዙፋን አውርዶ ስለ ነበር፣ ተራው ሰው የነገሥታትን ስፍራ ይዞ መታየቱ አንዳንዶቹን አስፈራቸው። በ1855 ለተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽንም ዳኞቹ ሥዕሉን አልቀበልም አሉ። ኩርቤ ግን ተስፋ ሳይቈርጥ በአጠገቡ የራሱን አዳራሽ አሠርቶ ሥራዎቹን ለሕዝብ አሳየ።

የተነቀፈው ሥዕል ዛሬ በፓሪስ በኦርሴ ሙዚየም በክብር ይገኛል። ኩርቤ ጎረቤቶቹን አላሳመራቸውም፣ አላዋረዳቸውምም፤ እንደ ነበሩ አድርጎ ለታላላቆች ብቻ የተፈቀደውን ስፍራ ሰጣቸው። እኛም ተማሪዎች ሥዕል ስንመለከት «ያምራል ወይስ አያምርም?» ከማለታችን በፊት «ማንን አከበረ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።