ተዋጊ ጄት ፎቶ ማንሳት ያሳስራል?

ቦንጋ ውስጥ «ጋሼ፣ አንድ የሕግ ጥያቄ ነበረኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ቡና መሬት፣ ስለ ውርስ ወይም ስለ ዋስትና ነው። ሠርግ በማንሳት የሚተዳደር አንድ ወጣት ያመጣልኝ ጥያቄ ግን ለየት ይላል። የአየር ኃይል በዓል ሲከበር ቢሾፍቱ ሄዶ ተዋጊ ጄቶችን ፎቶ ማንሳት ይፈልጋል። «በምን እለያቸዋለሁ? ባነሳቸውስ እታሰራለሁ?» አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰማይ ሰማይ የማየት አመል ስላለብኝ የመጀመሪያው አላስቸገረኝም። ሁለተኛው ግን የዚህን ሳምንት ዓምድ ወሰደብኝ።

ጥያቄው ከከፋ ሩቅ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ከቦንጋ ወደ ጅማ የሚሄድ ሰው ሁሉ ጎጀብን ይሻገራል። ልዑል ራስ እምሩና አብረዋቸው የነበሩት የጥቁር አንበሳ ማኅበር አርበኞች በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. እጃቸውን ለመስጠት የተገደዱት በዚሁ ወንዝ አካባቢ ነው። ራስ እምሩ አውሮፕላንን የሚያውቁት በተከዜ በኩል በሠራዊታቸው ላይ ባወረደው የመርዝ ጋዝ ነበር። ጥቁር አንበሶች ደግሞ በሰኔ 1928 ዓ.ም. ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ ያረፉ ሦስት የኢጣሊያ አውሮፕላኖችን በሌሊት አጥቅተው አጥፍተዋል፤ ከሞቱት መካከል የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማልዮኮ ይገኝበታል። እንግዲህ አየር ኃይላችን በጥር 2017 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ ያዘጋጀው የአቪዬሽን ኤክስፖ «ጥቁር አንበሳ» ተብሎ ሲጠራ፣ ጎጀብን ተሻግረን የምንሄድ ሰዎች ስሙን ጠለቅ አድርገን ብንሰማው አይፈረድብንም።

ያ ዝግጅት የአየር ኃይሉን 89ኛ ዓመት አስመልክቶ የተደረገ ነው። (ፖቴዝ 25 የተባለችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰችው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዕድሜው ከየት ይቆጠር የሚለው ለታሪክ ወዳጆች ጥሩ መከራከሪያ ነው።) በዓሉ የአሮጌው ነው፤ ሕዝቡ አንገቱን አቅንቶ የሚያየው ግን አዲሱን ነው። ሁለቱ በአንድ ወር የተገናኙበት ጊዜም አለ። በጥር 2016 ዓ.ም. አየር ኃይሉ ሱ-30 ተዋጊ ጄቶችን ተረከበ። በዚያው ወር በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. የበረረችው «ፀሐይ» ከኢጣሊያ ተመለሰች። ወራሪው ወስዷት ሮም አጠገብ ባለው የአየር ኃይል ሙዚየም ለአሥርተ ዓመታት ቆይታ ነበር።

ወደ መለየቱ ልግባ። ጀማሪ ሰው ቀለምና ዓርማ ያያል። እነሱ የሚቀየሩ ናቸው፤ የማይዋሸው ቅርፁ ነው። ሚግ-21 አፉን ከፊት ለፊት ከፍቶ በመካከሉ ሾጣጣ የያዘ ቧንቧ ይመስላል፤ ክንፉ ሦስት ማዕዘን ነው። ሚግ-23 አየር የሚያስገባው በጎንና በጎኑ ነው፤ ክንፉን ለማረፍና ለመነሳት ይዘረጋል፣ ለፍጥነት ወደ ኋላ ያጥፋል። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ስሙ የገነነው የአሜሪካው ኤፍ-5 ትንሽና ቀጭን ነው፤ አፍንጫው መርፌ ይመስላል፤ ሁለት ሞተሮቹ ጎን ለጎን ተጣብቀዋል። ሱ-27 ግን ግዙፍ ነው። ቀጥ ብለው የቆሙ ሁለት የጅራት ክንፎች አሉት፤ ሁለቱ ሞተሮች ተራርቀው መካከላቸው እንደ ጊንጥ ጅራት ወደ ኋላ የሾለ ነገር ይወጣል። ይህን ያየ ሰው ሱኮይ መሆኑን አይጠራጠርም።

አስቸጋሪው ሱ-27ን ከሱ-30 መለየት ነው። ብዙ ሰው «ሁለት ወንበር ካለው ሱ-30 ነው» ይላል። እኔ ይህን ማስረጃ አልቀበልም፤ ምክንያቱም የሱ-27 ማሠልጠኛው ዓይነትም ሁለት ወንበር አለው። አንድ ወንበር ካየህ ሱ-30 አለመሆኑን ታውቃለህ፤ ሁለት ካየህ ግን ገና ምንም አላረጋገጥክም። ለዚህ ነው ጥርት ያለ ፎቶ የሚያስፈልገው። እቤት ተቀምጠህ አጉልተህ ታየዋለህ።

ፎቶው የራሱ ብልሃት አለው። ሠርግ የሚያነሳ ሰው ሙሽራዋ ወደ እሱ ስትመጣ ይጠብቃል፤ ጄት ግን አይጠብቅም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚያልፍ ጄት ድምፁ ጆሮህ እስኪደርስ ስድስት ሰከንድ ያህል ስለሚወስድ፣ ድምፁ ወደመጣበት ብታይ ባዶ ሰማይ ነው የምታነሳው። ዓይንህን ከድምፁ ቀድመህ ወደፊት ላክ። ለጄት የሹተሩን ፍጥነት ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ በላይ አድርግ። ፕሮፔለር ላላቸው አሮጌ አውሮፕላኖች ግን ይህ ፍጥነት አይሆንም፤ ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ሞተሩ አየር ላይ የጠፋ ያስመስለዋል። ለእነሱ ወደ 1/250 ወይም እስከ 1/125 ዝቅ ብለህ፣ ካሜራውን ከአውሮፕላኑ ጋር እኩል እያዞርክ አንሳ። የሰማዩ ብርሃን ካሜራውን አታልሎ አውሮፕላኑን እንዳያጠቁርብህም ብርሃኑን ትንሽ ጨምር። ቀትር ላይ ደግሞ ከአስፋልቱ የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ስለሚያርገበግበው የጠዋቱ ሰዓት ይሻላል።

አሁን ወደ እስሩ። በኅዳር ወር 2001 እ.ኤ.አ. 12 እንግሊዛውያንና 2 ሆላንዳውያን አውሮፕላን ወዳዶች በግሪክ ካላማታ የአየር ኃይል ሰፈር ተያዙ። ዕለቱ ግሪኮች የአየር ኃይላቸው ጠባቂ አድርገው የሚያከብሩት የሊቀ መላእክት በዓል ነበር፤ የቀን መቁጠሪያው ልዩነት ነው እንጂ የእኛው ኅዳር ሚካኤል መሆኑ ነው። በሩ ለሕዝብ የተከፈተበት ቀን ነበር። ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ የጻፏቸው የአውሮፕላን ቁጥሮች ተይዘውባቸው በስለላ ተከሰሱ፤ ሳምንታትን በእስር አሳለፉ። በሚያዝያ 2002 ስምንቱ ሦስት ሦስት ዓመት፣ ስድስቱ የአንድ ዓመት ገደብ ተፈረደባቸው። በዚያው ዓመት በኅዳር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁሉንም በነፃ አሰናበተ። ግሪክ የአውሮፓ ኅብረት አባል ናት፤ ፍርድ ቤቶቿም የሚሠሩ ናቸው። እዚያ ይህ ከሆነ የቦንጋው ልጅ ፍርሃት ፍርሃት ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

በእኛ አገር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 መረጃ የመሰብሰብ፣ የመቀበልና የማሠራጨት ነፃነትን ያረጋግጣል። በሌላ በኩል የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስለላን ይቀጣል፤ የመረጃ ነፃነት አዋጁ ቁጥር 590/2000ም የመከላከያና የደኅንነት መረጃን ከሚከለከሉት ይመድበዋል። ለእኔ የሁለቱ ድንበር ግልጽ ነው። መንግሥት ራሱ አሰልፎ፣ እንግዳ ጋብዞ፣ በቴሌቪዥን ያሳየው አውሮፕላን ምስጢር ሊሆን አይችልም። ከትርዒቱ ማግስት ከአጥር ውጪ ቆሞ የመንደርደሪያውንና የመጠለያውን አቀማመጥ ማንሳት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለዚያ ጥብቅና አልቆምም። በዚያው በትርዒቱ ዕለትም ቢሆን የስልክን የቦታ መጠቆሚያ ማጥፋት፣ ጥበቃውን አለማንሳትና «በቃ» ሲባል ካሜራ ዝቅ ማድረግ ብልህነት ነው።

ችግሩ እኔ ግልጽ ነው ያልኩትን ድንበር በር ላይ የቆመው ወታደር እንደ እኔ ላያነበው መቻሉ ነው። አንዱ «አንሳ» ይላል፣ ሌላው ካሜራ ይቀበላል፤ ሁለቱም በቅን ልቦና ሊሆን ይችላል። የካላማታዎቹን ነፃ ያወጣው የይግባኝ ፍርድ ወራት ፈጅቷል፤ ሠርግ አንሺ ደግሞ ካሜራው ለአንድ ወር ቢያዝበት የሚበላው የለውም። አየር ኃይሉ በመግቢያ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ምን እንደሚፈቀድ፣ ምን እንደሚከለከል፣ ካሜራ ቢያዝ ለማን አቤት እንደሚባል ሦስት መስመር ቢያትም ጉዳዩ ያልቃል። ለዚህ ደግሞ አዋጅ አያስፈልግም፤ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ውሳኔ ይበቃዋል።