ባሕር የነበረው ደጋ፦ አሞናይትና ሌሎች ቅሪተ አካላት በወንዝ ዳር እንዴት ይለያሉ?

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ ወደ አባይ በረሃ ሲያዘቀዝቅ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ሲሆን፣ በግራና በቀኝ የሚታዩት የድንጋይ ንብርብሮችም ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ዕድሜያቸው እየገፋ ይሄዳል። ከላይ ያለው ጥቁር ባዛልት፣ ማለትም ከምድር ውስጥ ፈስሶ የረጋው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። ከእርሱ ሥር የአሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ ይገኛሉ፤ ቀጥሎ ወፍራሙ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ከዚያም ጀሶ የበዛበት ንብርብርና ከሁሉ በታች የሚገኘው ሌላ የአሸዋ ድንጋይ ይከተላሉ። ለሙገር ሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ የሆነው ይህ የኖራ ድንጋይ የተከማቸው፣ ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው የጁራሲክ ዘመን፣ ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ በኦጋዴን በኩል ገብቶ የዛሬውን ደጋ ባለበሰበት ወቅት ነው። አባይና ገባሮቹ ጀማና ሙገር፣ እንዲሁም በመቀሌ አካባቢ ወደ ተከዜ የሚወርደው የግባ ወንዝ፣ ይህን የባሕር ደለል እየቆረጡ ስለሚያልፉ፣ በዳርቻቸው ከሚከማቸው ድንጋይ መካከል የባሕር እንስሳት ቅሪት መገኘቱ ሊያስገርም አይገባም።

የኖራ ድንጋዩ በሳይንስ የሚታወቅበት ስም የተሰጠው ከመቀሌ በስተደቡብ በምትገኘው በሕንጣሎ ነው። ስያሜው የእንግሊዛዊው የሥነ ምድር ሊቅ የዊልያም ብላንፎርድ ሲሆን፣ እርሱም በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር የመቅደላ ዘመቻን ተከትሎ የመጣና ያየውን በ1870 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። ጦር ሠራዊት ሌላውን ሁሉ ትቶ ድንጋይ ለሚመረምር ሰው ስንቅና በቅሎ መመደቡ ዛሬ እንግዳ ቢመስልም፣ ከሰሜን ኢትዮጵያ የድንጋይ ንብርብሮች የመጀመሪያዎቹ ስልታዊ መግለጫዎች አንዱ የተገኘው በዚሁ አጋጣሚ ነው።

በወንዝ ዳር የተገኘ ቅሪተ አካል ዋና ችግሩ ከንብርብሩ ተለይቶ መምጣቱ ነው። ከገደል ፊት ላይ ተነቅሎ የወጣ ቅሪት ከላዩና ከታቹ ያለው ድንጋይ ዕድሜውን ሲመሰክርለት፣ ጎርፍ ያመጣው ጠጠር ግን ያለ ምስክር የቀረ ነው። ስለዚህ መርማሪው ከቅርጹ በፊት ቅርጹን የያዘውን ድንጋይ መመልከት ይኖርበታል። የኖራ ድንጋይ በአብዛኛው ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ሲሆን በብረት ይጫራል፤ ቀጭን አሲድ ሲነካውም አረፋ ያወጣል። ጥቁርና ከባድ ባዛልት ግን ቀልጦ ከፈሰሰ ትኩስ አለት የተፈጠረ በመሆኑ፣ የባሕር ዛጎል በውስጡ ይኖራል ተብሎ አይጠበቅም። ድንጋዩ የኖራ ነው ወይስ ባዛልት የሚለው አንድ ጥያቄ ብቻ ከሚሰበሰቡት «ቅሪተ አካላት» ብዙዎቹን ያስወጣቸዋል።

ከእነዚህ የባሕር ቅሪቶች ሁሉ የሰውን ዓይን ቀድሞ የሚስበው አሞናይት ነው። አሞናይቶች የስኩዊድና የኦክቶፐስ ዘመዶች የሆኑ፣ በተጠቀለለ ዛጎል ውስጥ የሚኖሩ የባሕር እንስሳት ሲሆኑ፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከብዙዎቹ ዳይኖሰሮች ጋር በአንድ ዘመን ጠፍተዋል። የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ የበግ ቀንድ የሚመስለውንና የወርቅ ቀለም ያለውን «የአሞን ቀንድ» ከኢትዮጵያ እጅግ የተቀደሱ ድንጋዮች አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል፤ እርግጥ በዚያ ዘመን «ኢትዮጵያ» የሚባለው ከግብፅ በስተደቡብ ያለው ሰፊ ምድር በመሆኑ፣ ድንጋዩ ከዛሬይቱ ኢትዮጵያ ስለመምጣቱ ማስረጃ አይሆንም።

ብዙ ሰዎች የተጠቀለለ ነገር ሁሉ አሞናይት ይመስላቸዋል፤ ይሁን እንጂ ጥቅልነቱ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የቀንድ አውጣ ዛጎልም የተጠቀለለ ነው፤ ነገር ግን የአብዛኞቹ ቀንድ አውጣዎች ጥቅል ወደ አንድ ጎን እየሾለ ሲወጣ፣ የተለመደው አሞናይት በአንድ ጠለል ላይ ስለሚጠቀለል ሁለቱ ጎኖቹ እኩል ናቸው። ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት ግን በውስጥ ነው። የቀንድ አውጣ ዛጎል ከአፉ እስከ ጫፉ አንድ ባዶ ቱቦ ሲሆን፣ የአሞናይት ዛጎል በግድግዳዎች ወደ ብዙ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ እንስሳው የሚኖረው በመጨረሻውና በሰፊው ክፍል ብቻ ሲሆን፣ የቀሩትን ጋዝና ፈሳሽ እየሞላባቸው በውኃ ውስጥ ለመንሳፈፍ ይጠቀምባቸዋል። ግድግዳዎቹ ከዛጎሉ ጋር በሚገናኙበት ቦታ የሚፈጠረው መስመር፣ የስፌት መስመር የሚባለው፣ በአሞናይት ላይ እንደ ጎመን ቅጠል ጠርዝ የተሸበሸበና የተቆራረጠ ነው።

ይህ መስመር የሚታየው ዛጎሉ ሲጠፋ ነው። የአሞናይት ዛጎል የተሠራበት ማዕድን በቀላሉ ስለሚሟሟ፣ ብዙ ጊዜ ተርፎ የሚገኘው በውስጡ ገብቶ የጠነከረው ጭቃ፣ ማለትም የውስጥ ቅርጹ ነው። ስለሆነም ወንዝ ላዩን የፋቀው አሞናይት የግድ የተበላሸ አይደለም፤ የዛጎሉ ጌጥ ሲደበዝዝ የስፌት መስመሩ ሊገለጥ ይችላል። ፍጭቱ ሲበዛ ግን የመስመሩ ጥቃቅን ሽብሽቦች ጠፍተው ቀለል ያለ ጥምዝ ብቻ ይቀራል፤ ያን ጊዜ አሞናይቱ የቅርብ መሳዩን ናውቲለስን ይመስላል። ዝርያው ዛሬም በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች የሚኖረው ናውቲለስ ከመጀመሪያውም የስፌት መስመሩ ለስላሳ ጥምዝ ነውና። እንዲህ ባለ ጊዜ ፍርዱን የሚሰጠው ክፍሎቹን የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ነው፤ በአሞናይት ቱቦው በጥቅሉ የውጭ ጠርዝ ሥር ሲያልፍ፣ በናውቲለስ የግድግዳውን መሐል አካባቢ ይበሳል። ይህን ለማየት ድንጋዩን መስበር አያስፈልግም፤ በተፈጥሮ የተሰበረውን ጫፍ አርጥቦ በአጉሊ መነጽር መመልከት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

አሞናይትነቱ ከታወቀ በኋላ ወገኑን ለመለየት የሚመረመሩት በጎኖቹ ላይ ያሉት የጎድን አጥንት መሰል መስመሮች፣ የውጭ ጠርዙ ክብ ወይም ሹል መሆኑ፣ እንዲሁም የመሐሉ ስርጉድ፣ እምብርት የሚባለው፣ ስፋት ናቸው። የውስጠኛዎቹ ዙሮች በሙሉ የሚታዩበት ሰፊ እምብርት፣ ከዚያም ወደ ውጭ ሲሄዱ ለሁለትና ለሦስት የሚከፈሉ መስመሮች ካሉት፣ በኋለኛው ጁራሲክ በሰፊው ተሰራጭተው ከነበሩት ፔሪስፊንክቲድ ከሚባሉት ወገን የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ከዚህ አልፎ የዝርያ ስም መስጠት ግን ለባለሙያ መተው ያለበት ጉዳይ ነው፤ በፎቶግራፍ ብቻ ዝርያ የሚሰይም ሰው ከእውቀቱ ይልቅ ድፍረቱ ይበልጣል።

በአባይ ሸለቆ ግን ከአሞናይት ይልቅ በብዛት የሚገኙት ሁለት ክዳን ያላቸው ዛጎሎች ናቸው፤ እነዚህም ሁለት በቅርብ የማይዛመዱ ወገኖችን ያቀፉ ናቸው። እንደ ዛሬዎቹ ኦይስተሮች ከቀንድ አውጣ ጋር የሚዛመዱት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ክዳኖቻቸው እኩል ሲሆኑ፣ አንዱ ክዳን ብቻውን ሲታይ ግን ግራና ቀኙ አይመሳሰልም፤ ኦይስተር ራሱ ከዚህ ደንብ ያፈነገጠ ነው። ብራኪዮፖድ የሚባሉት በተቃራኒው ሁለቱ ክዳኖቻቸው እኩል አይደሉም፤ የእያንዳንዱ ግራና ቀኝ ግን አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ብዙዎቹ ከትልቁ ክዳን አናት ላይ እንስሳው ከባሕር ወለል ጋር ይያያዝበት የነበረ ትንሽ ቀዳዳ አላቸው። በአምስት የተከፈለ ክብ ቅርጽ የባሕር ጃርት ምልክት ሲሆን፣ ከመሐል ወደ ዳር የተሰነዘሩ ቀጫጭን ግድግዳዎች ያሏቸው የተጠጋጉ ጉድጓዶች ኮራልን ያመለክታሉ። የኖራ ድንጋዩ ላይ ከተኛው የሙገር የጭቃ ድንጋይ ደግሞ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል፤ ይኸው ንብርብር የተከማቸው ባሕሩ ከሸሸ በኋላ ነበርና።

አሳሳቾቹም ጥቂት አይደሉም። የአየር ጠባይ ሲያፈራርሰው ባዛልት እንደ ቅርፊት በንብርብር እየተላጠ ክብ ቅርጽ ይይዛል፤ ነገር ግን ቀለበቶቹ አንዱ በሌላው ውስጥ የተዘጉ እንጂ እየተጠቀለሉ የሚሄዱ አይደሉም። በስንጥቅ ላይ የሚታየው ጥቁር የፈርን ቅጠል መሰል ሥዕል የማንጋኒዝ ማዕድን ነው። ቢልሃርዝያን ከሚያስተላልፉት የወንዝ ቀንድ አውጣዎች አንዳንዶቹም ጥቅላቸው ጠፍጣፋ በመሆኑ ትንሽ አሞናይት ይመስላሉ፤ ቀላልና ባዶ መሆናቸው ግን ያጋልጣቸዋል። የበለጠ የሚያሳስተው የኖራ ድንጋይ ባለባቸው ወንዞች ውኃው ራሱ ኖራ እያስቀመጠ ቅጠልና ቀንድ አውጣ የሚሸፍንበት ክምችት ነው፤ በመቀሌ ዙሪያ እንዲህ ያለው ብዙ ነው። በውስጡ ያለው የቅጠል ማኅተም እውነተኛ ቢሆንም፣ ዕድሜው ከጁራሲክ ጋር ጨርሶ የሚወዳደር አይደለም።

አሞናይቶች በፍጥነት ይለዋወጡና በባሕር ሰፊ ቦታ ይሰራጩ ስለነበር፣ በንብርብሩ ውስጥ እንዳሉ የተገኙት የድንጋይን ዕድሜ ለመወሰን ያገለግላሉ። ከወንዝ የተገኘው ለዚህ የሚጠቅመው ምንጩ ከታወቀ ብቻ ነው። ስለዚህ ግኝቱን ባለበት ከመጠን ማሳያ ጋር ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ቦታውን መመዝገብ፣ ከዚያም ተመሳሳይ ድንጋይ በወንዙ ሽቅብ የት እንደሚቆም መፈለግ ያስፈልጋል፤ ጠርዙ ያልተፋቀ ቁራጭ ከቅርብ ገደል የመጣ ሲሆን፣ የተድበለበለው ግን ረጅም መንገድ ተጉዟል። በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል እንዲገለጽ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚያዝዝ በመሆኑ፣ አጥንት ወይም ጥርስ የሚመስል ነገር ያገኘ ሰው ሳያነሳው ለአካባቢው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል፤ ለዛጎሎች ደግሞ የአዲስ አበባና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ምድር ትምህርት ክፍሎች የሚጠየቁ ናቸው።