በተራራ ጅረት የሚኖሩ ነፍሳት አመጋገብ

ከእንጦጦ ከሚወርዱት ጅረቶች በአንደኛው ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው፥ በዚያ ቀዝቃዛና ፈጣን ውኃ ውስጥ የሚበላ ነገር ይገኛል ብሎ ለመገመት ያስቸግረዋል። ነገር ግን ከላይኛው ምንጭ አጠገብ አንድ ድንጋይ አንሥቶ ቢገለብጥ፥ በሥሩ የተጣበቁ የነፍሳት እጮችን ያያል። እነዚህ ፍጥረቶች ምን በልተው ይኖራሉ? ምግባቸውስ ከየት ይመጣል?

አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኬኔዝ ከሚንስ በ1970ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ባስፋፋው አከፋፈል መሠረት፥ እጮቹ የሚመደቡት በሚበሉት ነገር ሳይሆን ምግባቸውን በሚይዙበት መንገድ ነው። ይኸውም በአራት ይከፈላል።

የመጀመሪያዎቹ ቆራጮች ናቸው። ከዳር ዛፍ የወደቀውን ቅጠል እየቆራረጡ ይበላሉ። ይሁን እንጂ አዲስ የወደቀውን አይመርጡም፤ ሻጋታና ባክቴሪያ ሰፍረውበት የለሰለሰውን ይሻሉ፤ ሻጋታው ከቅጠሉ ይልቅ ገንቢ ነውና። በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች የወንዝ ሸርጣንም ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛዎቹ ለቃሚዎች ሲሆኑ፥ ከቆራጮቹ የተረፈውን ፍርፋሪና ኩስ ይሰበስባሉ። ከእነርሱም ወገን የጥቁር ዝንብ እጭ ከድንጋይ ጋር በሐር ተጣብቆ፥ በራሱ ላይ ባሉት ማራገቢያ መሰል ጠጉሮች የሚያልፈውን ደቃቅ ምግብ ያጠልላል። አንዳንድ የካዲስፍላይ እጮችም ከሐር መረብ ሠርተው ይጠብቃሉ።

ሦስተኛዎቹ ፋቂዎች በድንጋይ ላይ የበቀለውን አልጌ ይግጣሉ፤ ከሜይፍላይ እጮች ብዙዎቹ ከዚህ ወገን ናቸው። አራተኛዎቹ አዳኞች ናቸው፤ የውኃ ተርብ እጭ የታችኛውን ከንፈሩን እንደ ክንድ ወርውሮ ሌላውን እጭ ይይዛል።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው ዋናው ነገር የጅረቱ ማእድ የሚሰናዳው በየብስ ላይ መሆኑን ነው። ሮቢን ቫኖትና ባልደረቦቹ በ1980 (እ.ኤ.አ.) እንደ ገለጹት፥ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ ጠባብ ጅረት ብርሃን ስለሚያንሰው አልጌ እምብዛም አይበቅልበትም፤ ስለዚህ ኑሮው በአብዛኛው በወደቀ ቅጠል ላይ የቆመ ነው።

ታዲያ የዛፉ ዓይነት ሲለወጥ ምን ይሆናል? ባሕር ዛፍ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት አድኗታል፤ ውለታው አይካድም። ነገር ግን ቅጠሉ ዘይትና መራራ ቅመም ስላለው ሻጋታ ቶሎ አይሰፍርበትም፤ በፖርቱጋል የተደረጉ ጥናቶችም ለቆራጮች ደካማ ምግብ መሆኑን አሳይተዋል። ቆራጩ ሲያንስ ፍርፋሪው ይቀንሳል፤ ፍርፋሪው ሲቀንስ ለቃሚው፥ ለቃሚው ሲጠፋም አዳኙ ይራባል።

ስለዚህ ለጥናት የሚነሣ ተማሪ ሁለት ጅረቶችን፥ አንዱን ከወይራና ከኮሶ ሥር፥ ሌላውን ከባሕር ዛፍ ሥር መርጦ፥ የእጮቹን አንጀት በማይክሮስኮፕ ቢመረምር መልካም ጅምር ይሆናል። ተራራ ስናለብስም ከጅረቱ ዳርና ዳር ጥቂት ክንድ ለአገር በቀል ዛፍ መተው እንደሚገባ ማሰብ ያስፈልጋል።