ላፕቶፕዎን ከመክፈትዎ በፊት

ልጅዎ የቤት ሥራውን ሊያስቀምጥ ሲል «በቂ ቦታ የለም» የሚል መልእክት ይመጣበታል። እርስዎም ለሥራ ሲያበሩት እስኪነሳ ድረስ ቡና አፍልተው ይጠጣሉ። በዚህ ጊዜ ቶሎ የሚታሰበው አዲስ ላፕቶፕ መግዛት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የደከመው ላፕቶፑ ሳይሆን በውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ ነው።

የሚሽከረከረው የድሮው ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል። በእሱ ቦታ የሚገባው ሳታ ኤስኤስዲ እስከ 550 ሜጋባይት ይደርሳል፤ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ደግሞ ከ3,000 ሊያልፍ ይችላል። ቅያሬውን እቤትዎ ጠረጴዛ ላይ በትንሽ ካቻቢቴ ሊሠሩት ይችላሉ። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ክዳኑን ሲከፍቱ ዋስትናዎ ምን ይሆናል?

ሁለት ዋስትና እንዳለ ይወቁ

የመጀመሪያው የአምራቹ ነው። ኤችፒ፣ ዴልና ሌኖቮ ለብዙ ሞዴሎቻቸው ዲስኩ እንዴት እንደሚወጣ የሚያሳይ የጥገና መመሪያ በነፃ ያወጣሉ። እንዲህ ባሉት ሞዴሎች መክፈቱ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ዋስትና አያሳጣም። ሲከፍቱ የሰበሩትን ወይም ያቃጠሉትን ግን አምራቹ አይሸፍንም። አዲሱ ዲስክ ቢበላሽም የሚጠየቀው የዲስኩ አምራች ነው።

ሁለተኛው የሻጩ ነው። ብሎን ላይ «ከተነሳ ዋስትና የለም» የሚል ስቲከር የሚለጥፉ መደብሮች አሉ። በአሜሪካ የ1975ቱ የዋስትና ሕግ እንዲህ ያለውን ቅድመ ሁኔታ ይገድባል፤ የንግድ ኮሚሽኑም በ2018 ለስድስት ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ ጽፏል። ያ ሕግ ግን እዚህ ያለውን ሻጭ አያስገድደውም። ስለዚህ ስቲከሩን ከመንካትዎ በፊት ሻጩን ይጠይቁ፤ ከፈቀደ ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍልዎ ያድርጉ። ካልፈቀደ ራሱ እንዲቀይርልዎ መጠየቅ ይሻላል።

ላፕቶፑን ዘመድ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ አምጥቶልዎት ከሆነ ሴሪያል ቁጥሩን በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ዋስትናው መቼ እንደሚያበቃና የት አገር እንደሚሠራ ይመልከቱ። ከተገዛበት አገር ውጭ የማይሠራ ዋስትና አለና።

የቁልፍ ሰሌዳው፣ ስክሪኑ ወይም ባትሪው አሁንም ችግር ካለበት፣ መጀመሪያ በዋስትናው ያሠሩት። ዲስኩን ከዚያ በኋላ ይቀይራሉ። ዋስትናው ሊያበቃ የቀረው ጥቂት ሳምንት ብቻ ከሆነም መታገሱ አይጎዳም።

ዲስኩ ይገባል?

አንዳንድ ላፕቶፖች ማከማቻቸው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም። አፕል ከ2020 ወዲህ በራሱ ቺፕ የሠራቸው ማክቡኮች እንዲህ ናቸው። ሳታና ኤንቪኤምኢ መልካቸው ሊመሳሰል ስለሚችልም፣ የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ይዘው የትኛውን እንደሚቀበል ሳያረጋግጡ አይግዙ።

ሳይቃጠል በቅጠል

የትኛውም ዋስትና የልጆችዎን ፎቶ አይመልስም። ስለዚህ ፎቶውንና ሰነዱን ሁሉ ወደ ውጭ ዲስክ ይገልብጡ፤ ከተገለበጠውም ጥቂቱን ከፍተው በትክክል መገልበጡን ይዩ። ዊንዶውስ መረጃዎን በቢትሎከር ቆልፎት ሊሆን ስለሚችል፣ ባለ 48 አኃዙን የመክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ። ዊንዶውሱን ከነፕሮግራሞቹ ለማዛወር ደግሞ አዲሱን ዲስክ በዩኤስቢ ማገናኛ ሰክተው በኮፒ ማድረጊያ ፕሮግራም መገልበጥ ይቻላል።

ሥራው

ላፕቶፑን ያጥፉ፤ ቻርጀሩን ይንቀሉ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል የላፕቶፑን ጀርባ ወረቀት ላይ ሥለው እያንዳንዱን በወጣበት ቦታ ያስቀምጡ፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ቦርዱን ሊጎዳ ይችላል። ክዳኑን በብረት አይፈልቅቁ፤ ያረጀ የፕላስቲክ ካርድ ይበቃል። ከተከፈተ በኋላ ሌላ ነገር ሳይነኩ የባትሪውን ገመድ ይንቀሉ። እጅዎ ላይ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ አስቀድመው ባዶ ብረት ይንኩ። ቀጭኑ ኤስኤስዲ ዘንበል ብሎ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ታች ተጭኖ በአንድ ብሎን ይታሰራል። አልገባም ካለ አያስገድዱት፤ አውጥተው አቅጣጫውን ይዩ።

ላፕቶፑ በደህና ቢነሳም የድሮውን ዲስክ ወዲያው አያጥፉት፤ ለሌላ ሰውም አይስጡት። ስሙንና ቀኑን ጽፈውበት ቢያንስ ዋስትናው እስኪያበቃ መሳቢያ ውስጥ ያቆዩት። ነገ ላፕቶፑ በሌላ ምክንያት ለጥገና ቢላክ፣ የድሮውን መልሰው ሲያስገቡት ማሽኑ እንደተገዛው ሆኖ ይሄዳል፤ የቤተሰብዎ ፎቶ ያለበት አዲሱ ዲስክም እቤት ይቀራል።