ግሼን አምባ በእንግሊዝ ሃይማኖታዊ ቅኔ

በደቡብ ወሎ የሚገኘው ግሼን አምባ በመስቀል ቅርጹና መስከረም 21 ቀን በሚከበረው በዓል የታወቀ ነው፡፡ በጥንት ዘመን ግን ዙሪያው ገደል የሆነው ይህ አምባ በዙፋን እንዳይሻሙ የነገሥታት ልጆች በግዞት የሚጠበቁበት ስፍራ ነበረ፡፡ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ስለ ጥበቃው ጥብቅነት ጽፏል፡፡

ወሬው ባሕር ሲሻገር መልኩን ለወጠ፡፡ እስፓኛዊው መነኩሴ ኡሬታ በ1610 ባሳተመው መጽሐፍ አምባውን የተድላ ስፍራ አደረገው፤ ሚስዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ቢያስተባብለውም ሰሚ አላገኘም፡፡ እንግሊዛዊው ፐርቻስ በ1613 ያንኑ ተረከ፡፡

ተራራ ከፍ ያለና መውጫው ጠባብ በመሆኑ በሃይማኖት ድርሰት የተቀደሰና የተከለለ ስፍራ ምሳሌ ነው፡፡ ዓይነ ስውሩ ባለቅኔ ጆን ሚልተንም በ1667 በታተመው «የገነት መጥፋት» በተሰኘው ድርሰቱ ኤደንን በገደላም ተራራ ራስ ላይ ተከላት፡፡ «አማራ ተራራ» ሲል የጠራውን አምባ፣ አንዳንዶች እውነተኛው ገነት ነው ቢሉም፣ ከኤደን አሳነሰው፡፡ የእስረኞቹ ልዑላን ናፍቆት በዚህ ቅኔ ውስጥ የለም፡፡

ሳሙኤል ጆንሰን ግን በ1759 ባሳተመው ልብ ወለድ፣ መስፍኑ ራስላስ በተራሮች ከታጠረው ምቹ ሸለቆ ለማምለጥ ሲጥር ያሳያል፡፡ ይህንን ድርሰት ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል፡፡