ያውቁ ኖሯል? የጣሪያዎ ዝናብ አዋሽ ድረስ ይሄዳል

በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በ50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የ20 ሚሊ ሜትር የሐምሌ ዶፍ ቢወርድ እስከ 1,000 ሊትር ይሆናል፤ 200 ሊትር የሚይዙ አምስት በርሜሎችን ይሞላል።

አሸንዳና በርሜል ካልተቀበለው ግቢውንና አስፋልቱን ያጥባል፤ የፈሰሰ የመኪና ዘይት፣ ፌስታልና የመጸዳጃ ፍሳሽ ጠራርጎ ቦይ ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ ላይ መንገዱ ይታወቃል፦ ለምሳሌ ከቀበና ወንዝ ወደ ትልቁ አቃቂ ወንዝ፣ ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ቀጥሎ ወደ አዋሽ ወንዝ። በወንዞቹ ዳር አትክልት የሚያለሙ፣ ከብት የሚያጠጡ ሰዎች አሉ። ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያወርድ ወደ በርሜሉ አያስገቡት፤ ወደ አትክልቱ አፈር ይልቀቁት። ትንኝ እንዳይራባበት፣ ሕፃን እንዳይገባበትም በርሜሉን በደንብ ይክደኑት። የተጠራቀመው ውሃ ለመጠጥ አይሁን፤ ለአትክልት፣ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ግን ይበቃል። ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ ሞልቶ የቆመ በርሜል ጎርፍ አይቀንስም። ስለዚህ ቀጣዩ ዝናብ ሳይመጣ ውሃውን ይጠቀሙበት።